የባሕር ዳርቻ የአውሎ ነፋስ መድን አረቦን በቂነት የሚመዘንበት አሠራር፦ የቴክሳስ ተሞክሮ

አረቦን መድን ገቢው ለሽፋኑ የሚከፍለው ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ በቂ ነው የሚባለው ወደፊት ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀውን ጉዳትና የሥራ ማስኬጃ ወጪውን ሲሸፍን ነው። በባሕር ዳርቻ አካባቢ ይህን ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። ሃሪኬን የሚባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ለዓመታት ሳይመጣ ሊቆይና ከዚያም የብዙ ዓመታት አረቦን በአንድ ቀን ሊጠርግ ይችላልና። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ሥራ ላይ ያለው አሠራር ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል።

ማኅበሩና የሚያገለግለው አካባቢ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1970 ሲሊያ የተባለው ሃሪኬን የኮርፐስ ክሪስቲን አካባቢ ክፉኛ ከጎዳ በኋላ፣ የግል መድን ሰጪዎች በባሕር ዳርቻው ለነፋስ ጉዳት ሽፋን ከመስጠት ማፈግፈግ ጀመሩ። በዚህም ምክንያት የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1971 የቴክሳስ አውሎ ነፋስ መድን ማኅበርን በሕግ አቋቋመ። ማኅበሩ ከሌላ መድን ሰጪ ሽፋን ላጡ ባለንብረቶች የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ያገለግላል። የአገልግሎት ክልሉ 14 የባሕር ዳርቻ ካውንቲዎችንና የሃሪስ ካውንቲን ከፊል ያካትታል። ጋልቬስተንና ኮርፐስ ክሪስቲ በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሂዩስተን ከተማ ግን አብዛኛው ክፍሏ ከክልሉ ውጭ ነው።

ምዘናው የሚካሄድበት መንገድ

በሕጉ መሠረት አረቦኑ ምክንያታዊና በቂ መሆን፣ በመድን ገቢዎች መካከልም ተገቢ ያልሆነ ልዩነት አለማድረግ ይኖርበታል። የማኅበሩ የመድን ሒሳብ ባለሙያዎች በየዓመቱ የአረቦኑን በቂነት መርምረው ውጤቱን ለቦርዱ ያቀርባሉ። የግዛቱ የመድን መሥሪያ ቤት ደግሞ የታሪፍ ለውጥን ይቆጣጠራል።

ባለሙያዎቹ የሚጠበቀውን ጉዳት ለመገመት በሁለት ምንጮች ይጠቀማሉ።

1. ያለፈ የካሳ ታሪክ፦ ቀደም ሲል የተከፈለው ካሳ ዛሬ ባለው የቤቶች ብዛትና የግንባታ ዋጋ ተስተካክሎ ይሰላል። ሆኖም በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቅን አደጋ በ40 ወይም በ50 ዓመት መዝገብ ብቻ በትክክል መለካት አይቻልም።

2. የኮምፒውተር ሞዴል፦ ሊከሰቱ የሚችሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአውሎ ነፋስ ወቅቶች በስሌት ይፈጠራሉ። ለእያንዳንዱም የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የሕንፃው ዓይነትና ጥንካሬ ታሳቢ ተደርጎ አማካይ ዓመታዊ ጉዳት ይወጣል። ሞዴሎች የተለያየ ውጤት ስለሚሰጡ ከአንድ በላይ ሞዴሎችን ማነጻጸር የተለመደ ነው።

በዚህ ላይ የበረዶና የሌላ ነፋስ ጉዳት፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪ እና የጠለፋ መድን ዋጋ ይታከላሉ። የጠለፋ መድን መድን ሰጪው ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ የሚገዛው ሽፋን ነው።

የስሌት ምሳሌ

ለማብራሪያ ያህል፣ የአንድ ቤት አማካይ ዓመታዊ ጉዳት 2,000 ዶላር፣ ልዩ ልዩ ወጪዎች ደግሞ የአረቦኑ 20 በመቶ ናቸው እንበል። በቂ የሚሆነው አረቦን 2,000 ለ0.80 ተካፍሎ 2,500 ዶላር ይሆናል። ባለንብረቱ የሚከፍለው 2,000 ዶላር ከሆነ፣ አረቦኑ ከሚያስፈልገው በ20 በመቶ ያንሳል። ጉድለቱን ለመሙላት ግን አሁን ባለው አረቦን ላይ 25 በመቶ መጨመር ይኖርበታል። በሕዝባዊ ውይይቶች እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ የትኛው እንደተጠቀሰ ማጣራት ይገባል።

ጸጥ ያለ ዓመት ማስረጃ አይሆንም

አይክ የተባለው ሃሪኬን በመስከረም 2008 ጋልቬስተንን ከመታ በኋላ፣ ሃርቪ በነሐሴ 2017 ሮክፖርት አካባቢ እስኪደርስ ድረስ፣ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ አንድም ሃሪኬን አላረፈም። በእነዚህ ዓመታት ከካሳ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ ቢመስልም፣ በእርግጥ ለሚመጣው አደጋ የሚቀመጥ ስንቅ ነው። በማንኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ አደጋ፣ በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው።

አረቦኑ በቂ ካልሆነ ማን ይከፍላል?

አረቦን ሲያንስ ጉዳቱ አይቀንስም፤ የሚለወጠው ከፋዩና የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ለዚህ ሲባል በ1993 የአደጋ መጠባበቂያ ፈንድ ተቋቁሟል። ከሃርቪ በኋላ ካሳው የተከፈለው ከአረቦን፣ ከዚህ ፈንድ፣ ከቦንድ ሽያጭ በተገኘ ገንዘብና በአባል መድን ሰጪዎች ላይ ከተጣለ መዋጮ ነው። ቦንድ ዕዳ በመሆኑ በኋለኞቹ ዓመታት ከሚሰበሰብ ገንዘብ ይመለሳል።

በሌላ በኩል የአረቦን ጭማሪ በጡረታ በሚተዳደሩና ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ላይ ይከብዳል። አንዳንዶች ሽፋናቸውን ለመቀነስ ወይም ለመተው ይገደዳሉ። ስለዚህ ምዘናው ጉድለት ቢያሳይም ጭማሪው ወዲያውኑ ላይጸድቅ ይችላል። የቦርዱ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ነዋሪዎች አስተያየታቸውን ማቅረብ ይችላሉ።

ባለንብረቶች ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የመድን መጠኑ፦ ቤቱ ቢፈርስ መልሶ ለመገንባት በሚያስፈልገው ወቅታዊ ዋጋ ልክ መሆኑ።

• በራስ የሚሸፈን ድርሻ፦ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከመድን መጠኑ በመቶኛ ነው። የ200,000 ዶላር ሽፋን 2 በመቶ 4,000 ዶላር ይሆናል።

• የጎርፍ ሽፋን፦ የአውሎ ነፋስ መድን በጎርፍ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም። በፌዴራል መንግሥቱ ፕሮግራም የሚሰጠው የጎርፍ መድን በአብዛኛው ከ30 ቀናት የመጠበቂያ ጊዜ በኋላ ይጸናል።

• የማመልከቻ ጊዜ፦ ማዕበሉ ወደ ባሕረ ሰላጤው ከገባ በኋላ አዲስ ሽፋን ማግኘት አይቻልም። የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ከዚያ በፊት ማመልከት ይመረጣል።

• የካሳ ጥያቄ፦ ጉዳት ሲደርስ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ የጥገና ደረሰኞችን ይዞ፣ በውሉ በተመለከተው የጊዜ ገደብ ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ባለንብረቶች ውል ከመፈረማቸው ወይም ከማደሳቸው በፊት፣ ፈቃድ ካለው የመድን ወኪል ዝርዝር ማብራሪያ እንዲጠይቁ ይመከራል።