በመርዝ ቅጽር የተጠበቁ አራዊት

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሮኪ ማውንቴን አርሰናል የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ፤ በዴንቨርና በአውሮራ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደ አየር ማረፊያው ሲመላለሱ በአቅራቢያው ያልፋሉ። ዛሬ አራዊቱና አዕዋፉ በሕግ የሚጠበቁበት ይህ ስፍራ በአንድ ወቅት በአገሪቱ እጅግ ከተመረዙት ቦታዎች አንዱ እንደ ነበረ ለማያውቅ መንገደኛ፣ ሣሩም ሰማዩም ምንም አይነግሩትም። አራዊቱ እዚያ የተረፉት ማንም አዝኖላቸው ሳይሆን፣ ሰው ራሱ የሠራውን መርዝ ፈርቶ ከምድሩ ስለ ራቀ ነው።

ሜዳው በጥንት ዘመን አራፓሆና ሻየን የተባሉት የአገሩ ተወላጆች ባይሰን የሚባለውን ትከሻው የጎበጠ የዱር ከብት እያደኑ የሚኖሩበት ነበር። በ19ኛው ምዕት ዓመት እነርሱ ተገፍተው፣ መንጋውም በጠመንጃ ካለቀ በኋላ፣ ገበሬዎች ገብተው አረሱት። ጃፓን ፐርል ሀርበርን በደበደበች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942፣ የጦር ሠራዊቱ 20,000 ኤከር ገደማ፣ በእኛ ልክ 200 ጋሻ ያህል መሬት፣ ለጦርነቱ ያስፈልገኛል ብሎ ወሰደ፤ ገበሬዎቹም ቤታቸውንና ማሳቸውን ለቀው ወጡ።

ሠራዊቱም በሜዳው ላይ የመርዝ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ አቆመ፤ በዚያ ከተሠሩት መርዞች አንዱ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለው ነው። ይህን መርዝ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሠራዊታችንና በሕዝባችን ላይ ያዘነቡት፣ ቆዳ የሚልጠውና ዓይን የሚያጠፋው፣ ያው ነውና። አሜሪካኖቹ የሠሩት በጠላት ላይ ሳይጣል ቀረ፤ ነገር ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ጥበቡ አላለቀም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1957 ባለው ጊዜ ደግሞ ሳሪን የተባለው፣ ጅማትን አሥሮ ትንፋሽ የሚያቋርጠው መርዝ በዚያው ተመረተ። ከግቢውም ከፊሉ ለግል ኩባንያዎች ተከራይቶ፣ የሼል ኬሚካል ኩባንያ ከ1952 እስከ 1982 ድረስ አልድሪንና ዲልድሪን የሚባሉትን የተባይ ማጥፊያዎች ሠራበት። የሰው መግደያውና የተባይ መግደያው በአንድ ግቢ መጎራበታቸው ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የዝቃጩ ነገር ነው። በመጀመሪያ በባዶ መሬት ላይ በተቆፈሩ ኩሬዎች ይደፋ ነበርና፣ ወደ ከርሠ ምድር ሰርጎ በጎረቤት ገበሬዎች ጉድጓድ ብቅ አለ፤ ያንን ውሃ የጠጣው አዝመራም ጠወለገ። ስለዚህ በ1956 አንድ ጋሻ የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ ወለሉ በአስፋልት የተለበጠ ኩሬ ተሠራ፤ ኩሬውም ሲሞላ መሐንዲሶቹ 3,670 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከ1962 መጋቢት ጀምሮ ዝቃጩን በግፊት ወደ አለቱ ይሰዱት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ፣ ከዚያ በፊት የምድር መናወጥን እምብዛም የማያውቀው የዴንቨር ሕዝብ ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በ1965 ወደ ጉድጓዱ የተሰደደውን የዝቃጭ መጠን ከመንቀጥቀጡ ብዛት ጋር አስተያይቶ፣ ሁለቱ አብረው እንደሚጨምሩና አብረው እንደሚቀንሱ በይፋ አሳየ። በ1966 ሥራው ቢቆምም ምድሪቱ ወዲያው አልረጋችም፤ ብርቱዎቹ መንቀጥቀጦች የመጡት በተከታዩ ዓመት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ፋብሪካዎቹ የቆሙት በግቢው እምብርት ስለ ነበር፣ በዙሪያቸው ለጥንቃቄ የተተወው ሰፊ መሬት በአብዛኛው ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት ኖረ። ከተማው እስከ አጥሩ ድረስ ሲሰፋ፣ በአጥሩ ውስጥ አጋዘኑ፣ ኮዮቴ የተባለው ቀበሮ መሰል አውሬና ፕሬሪ ዶግ የተባለው ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ እየተዋለዱ በዙ። በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ጽዱና ወይራው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የተረፈው በፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ የዴንቨሩ ሜዳ ግን የተረፈው በፍርሃተ ሞት ነው። ይህን ስል አራዊቱ አልተጎዱም ማለቴ አይደለም፤ ዳክዬዎች በተመረዘው ኩሬ ላይ እያረፉ አልቀዋል፣ በዲልድሪን የሞተውም ወፍ ጥቂት አይደለም።

መንግሥት በ1987 ቦታውን በአስቸኳይ ሊጸዱ ከሚገባቸው የአገሪቱ ስፍራዎች መዝገብ አገባው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1986፣ ራሰ ነጩ ንስር በብርዱ ወራት እየመጣ በግቢው ዛፎች ላይ እንደሚያድር ታወቀ። ይህ ንስር የአሜሪካ መንግሥት ዓርማ ሲሆን፣ የተባይ መርዝ ዘሩን ያመነመነውና በሕግ የሚጠበቅ ስለ ነበር፣ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤቱ ወደ ግቢው ለመግባት ምክንያት አገኘ። በ1992 ምክር ቤቱ ጽዳቱ ሲፈጸም ስፍራው የአራዊት መጠበቂያ እንዲሆን ደነገገ።

ጽዳቱ እስከ 2010 የቆየ ሲሆን፣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። በመካከሉ፣ በ2000፣ በአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ የሳሪን ቦምቦች ተገኝተው ግቢው ለጎብኚ ተዘጋ። በምዕራቡ ዳርቻ የነበረው መሬት ለኮሜርስ ሲቲ ከተማ ተሽጦ፣ ዛሬ የእግር ኳስ ስታዲየም ቆሞበታል።

በ2007 ከሞንታና 16 ባይሰኖች መጥተው ተለቀቁ፤ መንጋውም እየተዋለደ በዛ። በ2015 ደግሞ ፈጽሞ ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ በ1981 በዋዮሚንግ የተገኘው እግረ ጥቁር ፌሬት የተባለው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ገባ፤ ምግቡ ፕሬሪ ዶግ ነውና በዚህ ሜዳ አይራብም። ይሁን እንጂ ፕሬሪ ዶግ የማይፈለግበት ቦታም በዚያው አለ፤ የፈረሱት ፋብሪካዎችና የተመረዘው አፈር የተቀበሩት እዚያው በመሆኑ፣ ቆፍሮ እንዳይደርስባቸው ከሣሩ ሥር የተፈጨ ኮንክሪት ተነጥፏል። ከሐይቆቹ ዓሣ ያጠመደ ሰው ወደ ውሃው ይመልሰዋል እንጂ አይበላውም፤ የከርሠ ምድሩን ውሃ መጠጣት፣ በመሬቱም ላይ መኖሪያ ቤት መሥራት ክልክል ነው። መቃብሮቹን የያዘው መሬት አሁንም የጦር ሠራዊቱ ንብረት ሲሆን፣ ውሃው ያለ ማቋረጥ ይጣራል፣ የጽዳቱም ሁኔታ በየ5 ዓመቱ ይመረመራል።