ባለቤት የሌለው አሠሪ፦ የመተግበሪያ ታክሲ ሥራ በቦሌ ቡልቡላ

ቦሌ ቡልቡላ ላይ በራይድ ወይም በፈረስ መተግበሪያ ታክሲ የጠራች ተሳፋሪ መኪናው ከመድረሱ በፊት ስልክ ይደወልላታል፦ «እህቴ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው፦ «ካንስል ያድርጉትና በስምምነት እንሂድ።» ተሳፋሪዎች ይህን እንደ ብልግና ያዩታል። ይህ ጽሑፍ እንደ ደመወዝ ድርድር ያነብበዋል።

በጥሪ መሥራት ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። የቀን ሠራተኛው በደላላ፣ የሚኒባሱ ሾፌር በተራ አስከባሪ በኩል ሲሠሩ ኖረዋል። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድና መሰሎቹ የደላላውን ወንበር ለሶፍትዌር ሰጡት። ደላላን ፊት ለፊት ይጨቃጨቁታል፤ ኮሚሽን ግን ሾፌሩ አስቀድሞ ከሞላው ሂሳብ ላይ በራሱ ጊዜ ይቆረጣል። ታሪፉን የሚተምነውም፣ ተሳፋሪ የሚመድበውም፣ ሾፌሩን የሚያግደውም ሲስተሙ ነው።

ቡልቡላ ችግሩን ያጎላዋል። ሰፈሩ በአብዛኛው መኖሪያ በመሆኑ ጠዋት ሰዉ ወደ መሀል ከተማ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ሾፌሩ ማታ ተሳፋሪ አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ነዳጁን የሚችለው ራሱ ነው። ከሲስተም ውጪ የሚጠይቀው ጭማሪ በከፊል የዚህ ባዶ መንገድ ሒሳብ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን የሚለካው በአሠሪው መሪነት፣ በደመወዝ በመሥራት ነው። መሪነቱ ያለ ይመስለኛል፤ አከራካሪው ደመወዙ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የኡበርን ሾፌሮች የሠራተኛ መብት ያላቸው ናቸው ሲል፣ ከመዘናቸው ነጥቦች አንዱ ታሪፉን ኩባንያው መወሰኑ ነበር። ይህን ፍርድ እንዳለ ወደዚህ ማምጣት ግን ያስቸግራል። እዚህ ብዙ ሾፌር የሚነዳው የሰው መኪና ነው፤ ቢሠራም ባይሠራም ለባለንብረቱ «ገቢ» ያስገባል። አንዱ ኮሚሽን፣ ሌላው ገቢ ይወስዳል፤ ኪሳራው ለሾፌሩ ይተርፋል።

አሠሪው ማን እንደሆነ አለመለየቱ በጡረታም ይታያል፦ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ሾፌሩ 11ዱን ከማን ይጠይቅ? መተግበሪያው «አገናኝ ነኝ» ይላል፤ ባለመኪናው «አከራይ ነኝ»። ከእያንዳንዱ ጉዞ ኮሚሽን መቁረጥ የቻለ ሲስተም መዋጮም መቁረጥ አያቅተውም። በእኔ እምነት የአሠሪው ድርሻ ለአንዱ ብቻ መሰጠት የለበትም፤ ከኮሚሽኑም ከገቢውም ላይ ሊነሳ ይገባል።