ቲ ሂል፦ «አስቀያሚው ቤት» ስሙን ከየት አገኘ?

በሰሜን ዌልስ ተራሮች መካከል፣ ከቤቱስ ኧ ኮይድ ወደ ካፔል ኪሪግ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከሊጉዊ ወንዝ አቅራቢያ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። ግድግዳው ጠራቢ ያልነካው ቋጥኝ ነው። አንዳንዱን ድንጋይ ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘውም አያነሱትም። አንዱ ወጣ ብሎ፣ ሌላው ገባ ብሎ፣ ትልቁ በትንሹ ላይ ተጭኖ ሲታይ ግንበኛው ልክ የሚባል ነገር የሚያውቅ አይመስልም። ስሙ በዌልሽ ቋንቋ ቲ ሂል ነው፤ ቲ ቤት፣ ሂል አስቀያሚ።

ስለ አስቀያሚነቱ የሚነገረው አፈ ታሪክ ጥፋቱን በችኮላ ላይ ያላክካል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ሽፍታ ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት አቆሙት፤ ድንጋይ ለማስተካከል ጊዜ አልነበራቸውም ይላል።

ይህ ወሬ ከባዶ አልተነሣም። በዌልስ ገጠር ቲ ኢኖስ፣ ማለትም «የአንድ ሌሊት ቤት» የሚባል ልማድ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በወል መሬት ላይ ቤት መሥራት የጀመረ ሰው፣ ጎህ ሲቀድ ከጣሪያው ጭስ ካስወጣ ቤቱ የራሱ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር። እኛ የጨረቃ ቤት የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ጭሱ እንደ ካርታ መቆጠሩ ነው። ሥራው በደቦ ነው። ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር፣ በሩና የጣሪያው እንጨት አስቀድመው ይሰናዳሉ፤ ዘመድና ጎረቤት ሲመሽ ይሰበሰባል። ሲነጋ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ መጥረቢያ በየአቅጣጫው ይወረውራል፤ መጥረቢያው እስካረፈበት ድረስ ያለው ጓሮው ይሆናል። ክንደ ብርቱ የሆነ ጎረቤት የዚያን ቀን ሳይፈለግ አልቀረም!

በእንግሊዝ ሕግ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ፓርላማው የወል መሬት እየታጠረ ወደ ግል እንዲዞር ሲፈቅድ፣ ድሃው የሙጥኝ ያለው ይህንኑ ልማድ ነው። በኬሬዲግዮን፣ ሚኒዝ ባኽ በተባለው ተራራ፣ ኦገስተስ ብራከንበሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ1820 እንዲህ ያለ መሬት ገዛ። ነዋሪዎቹ ግን፣ ወንዶቹ የሴት ልብስ ለብሰው ጭምር፣ ቤቱን አቃጠሉበት፤ ዳግም ቢሠራ አፈረሱበት። ግጭቱ እስከዛሬ «የትንሹ እንግሊዛዊ ጦርነት» እየተባለ ይጠራል።

ታዲያ ቲ ሂል የአንድ ሌሊት ቤት ነው? አይመስለኝም። በአንድ ሌሊት የሚቆመው የአፈር ጎጆ ነው፤ የድንጋይ ግንቡ የሚመጣው በኋላ፣ ባለቤቱ ሳይባረር ከቆየ ነው። እነዚህ ቋጥኞች ደግሞ ከነመጎተቻቸው፣ ከነማንሻ እንጨታቸውና ከነሰው ኃይላቸው ሳምንታት የሚፈልጉ ናቸው።

ለእኔ ቁልፉ በቤቱ ደጃፍ የሚያልፈው መንገድ ነው። አየርላንድ በ1801 ከብሪታንያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ከለንደን እስከ ሆሊሄድ ወደብ የሚያደርስ አስተማማኝ መንገድ አስፈለገ፤ ሥራውን ከ1815 ጀምሮ የመራው መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ ነው። በቤቱስ ኧ ኮይድ ያለው የብረት ድልድዩ ዋተርሉ ይባላል። መንገዱ ከፖስታ ሠረገላው ጋር ሠዓሊና አገር ጎብኚ አመጣ፤ ሠዓሊው ዴቪድ ኮክስ ከ1844 ጀምሮ ወደ ቤቱስ ኧ ኮይድ ተመላልሷል። ያኔ ሻካራ ድንጋይና የዱር መልክ ይወደድ ነበር። ቤቱ ሆን ተብሎ ለመንገደኛ ዓይን እንዲህ ጎርበጥባጣ ተደርጎ ተሠርቶ ይሆናል የሚለውን ግምት ከሽፍቶቹ ወሬ አስበልጬ አምነዋለሁ። «አስቀያሚው ቤት» የሚል ስም ደግሞ መንገደኛን ከሠረገላ ለማስወረድ ከ«ውቡ ቤት» ይሻላል።

በ1988 የስኖውዶንያ ማኅበር ገዝቶት በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ታደሰ። በኋላም ሻይ ቤት ሆነ፤ ንብም ተጠበቀበት። የእውነተኞቹ የአንድ ሌሊት ቤቶች የአፈር ግድግዳ ግን በዝናብ ሟሟ፣ ወይም በድንጋይ ተተካ፤ የነሱን ዝና ወርሶ የቆመው ይህ፣ በአንድ ሌሊት ሊሠራ የማይችለው ቤት ነው።