የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት መብራት ማሻሻያ

የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት መብራት ማሻሻያ የቶዮታ ላንድክሩዘርን የቆዩ ሞዴሎች የሌሊት እይታ ለማሻሻል መብራቱን፣ የሽቦ መስመሩንና የብርሃኑን አቅጣጫ የማስተካከል ሥራ ነው። ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተመረተው 40 ተከታታይና በ1984 እ.ኤ.አ. የጀመረው 70 ተከታታይ ለረጅም ጊዜ የወጡት 7 ኢንች (178 ሚሊሜትር ገደማ) በሆነ ክብ መብራት ነው። ይህ ልክ በላንድሮቨር ዲፌንደርና በሌሎች መኪናዎችም ስለሚሠራ ምትክ መብራቱ ብዙ ዓይነት አለው።

የመብራቱ ዓይነት

በድሮዎቹ ላይ የሚገኘው «ሲልድ ቢም» የተባለው መብራት መስታወቱ፣ አንጸባራቂውና ክሩ አንድ ላይ የታሸጉበት ነው፤ ክሩ ሲቃጠል መብራቱ በሙሉ ይቀየራል። በምትኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ኤች 4 ሃሎጅን አምፖል የሚቀበል መብራት ነው። ኤች 4 ሁለት ክሮች አሉት። በ12 ቮልት መኪና ረጅሙ መብራት 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች 24 ቮልት ስለሆኑ አምፖል ከመገዛቱ በፊት ቮልቴጁ መታወቅ አለበት።

የሽቦ መስመርና ሪሌ

አምፖሉ ደህና ሆኖ መብራቱ ሊደበዝዝ ይችላል። በአሮጌ መኪና የመብራቱ ኃይል በሙሉ በማብሪያው በኩል ስለሚያልፍ ረጅም ቀጭን ሽቦና የዛገ ማገናኛ ቮልቴጅ ይቀንሳሉ። በሃሎጅን አምፖል ላይ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጉድለቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ በባትሪውና በአምፖሉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይለካና ይነጻጸራል።

መፍትሔው ሪሌ መግጠም ነው። ኃይሉ ከባትሪ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል። ሁለቱ ረጅም መብራቶች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳሉ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ሲነካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በብዙ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ማብሪያው የሚቆርጠው የኔጌቲቩን መስመር ስለሆነ ለሌላ መኪና የተዘጋጀ የሪሌ መስመር ላይሠራ ይችላል።

መስመሩን ሳይቀይሩ 100 ዋት አምፖል ማስገባት ሶኬቱንና ማብሪያውን በሙቀት ያበላሻል።

ኤልኢዲ

ኤልኢዲ ትንሽ ኃይል ወስዶ ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ሆኖም አንጸባራቂው የተሠራው ለሃሎጅን ክር ቦታ ነው። የኤልኢዲ አምፖል ብርሃን ከዚያ ቦታ ጥቂት ከተዛነፈ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ያሳውራል። ለኤልኢዲ ተብሎ በሙሉ የተሠራ 7 ኢንች መብራት ከዚህ የተሻለ ነው።

አቅጣጫ

የአጭር መብራት ብርሃን ወደ መንገዱ ዳር ከፍ ይላል። እንደ ጃፓን፣ አውስትራሊያና ኬንያ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ በሚነዳበት አገር ከተገጠመ ከፍ ያለው ብርሃን በትይዩ የሚመጣው አሽከርካሪ ዓይን ላይ ያርፋል። አምፖል በመቀየር ይህ አይስተካከልም።

ከተገጠመ በኋላ መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይዞ በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መሃል ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ሱስታ ከፍ ሲደረግ ወይም ከኋላ ከባድ ጭነት ሲጫን ልኩ ስለሚለወጥ እንደገና ይስተካከላል።