ቢሮ ማደስና እንግዳ መቀበል፤ ከታሪክ የሚቀሰም ትምህርት

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓል ሲቃረብ በየጽሕፈት ቤቱ የሚነሳ ጉዳይ አለ። እንግዳ ስለሚመጣ ግድግዳው ይቀባ፣ ወንበሩ ይለወጥ፣ አጥሩ ይጠገን ይባላል። ይህ ለሞላሌና ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ዓመት በዓል ሲደርስ ግድግዳ ይመረጋል፣ መደብ ይለቀለቃል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። የመንዝ ቤት ጣሪያ ግን በአንድ ሳምንት ጥድፊያ አይገኝም። ለክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር በቂ ሆኖ እንዲደርስ አባቶች በቀሮ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁ ነበር። ልቅለቃው ለበዓል ነው፤ ጣሪያው ለክረምት ነው። በአገራችን ታሪክም ለእንግዳ ተብሎ የተሠራው ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንደኛው ወገን ይመደባል።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተዘጋጀች። ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከጣልያን የኡዲኔ ልዑል፣ ከሌሎችም አገሮች መልእክተኞች ይመጡ ነበርና ከተማይቱን ለማሳመር ታላቅ ጥድፊያ ሆነ። መንገዶች ተጠረጉ፣ የኤሌክትሪክ መብራት ተዘረጋ፣ ፖሊሶች አዲስ የደንብ ልብስ ለበሱ። በመንገድ ዳር ያሉ የድኾች ጎጆዎች ለእንግዳ ዓይን እንዳይታዩም ከፍ ያለ አጥር ታጠረባቸው። ያም ሆኖ እንግዶቹ ሲደርሱ ያላለቀ ሥራ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ያልተጠናቀቀውን ሥራና ከአጥሩ በስተኋላ ያለውን ሁሉ አይተው ጻፉት። ከዚያ ዝግጅት እስከ ዛሬ ከቆሙት አንዱ በበዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነው። ጣልያን ከቦታው ቢያነሣውም ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ተተክሏል። ጎጆ መከለያው አጥር ግን የበዓሉን ቀን እንጂ የጎጆውን ነዋሪ ኑሮ አልለወጠም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ ተሠራ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ለዚሁ የታነጸውና ጣልያናዊው መሐንዲስ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የመግቢያውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች የሠራው የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ የአንኮበር ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ነው። 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው በዚህ ሥራ ያለፈችው፣ የዘመኑና የወደፊቷ አፍሪካ ተሥለዋል። አዳራሹ ለእንግዳ ክብር ተብሎ ቢሠራም ለታይታ ብቻ አልቀረም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ ቤት ነው።

ይሁን እንጂ የትኛውም ቤት ካልተጠገነ ያረጃል። አዳራሹ አርጅቶ ስለነበር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ 57 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ገደማ ፈቀደ፤ ቤቱም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመረቀ። የእድሳቱ አሠራር ለማኅበራት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሥራው ብዙው ጎብኚ ቆሞ የማያደንቀው ነበር፤ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሯል፣ ለጤና አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ተወግዷል፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሩ ታድሷል። የጥንቱ ወንበርና ጠረጴዛም አርጅቷል ተብሎ አልተጣለም፤ ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። የአፈወርቅ መስታወትም እንዲሁ ተጠግኗል።

ወደ ኅብረት ሥራው ታሪክ ስንመለስም ትምህርቱ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የተሰባሰቡት አቅኚ ኅብረት ሠሪዎች ሱቃቸውን የከፈቱት በአንድ አሮጌ መጋዘን ምድር ቤት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለሽያጭ ያቀረቡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነው። የቤቱ ድህነት ግን አላሳፈራቸውም። ትክክለኛ ሚዛን፣ ያልተደባለቀ ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅና በግዢው ልክ የሚደርሰው የትርፍ ክፍፍል ስማቸውን በዓለም አስጠራ። ያ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

በእኛም አገር የመጀመሪያው የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ድንጋጌ ቁጥር 44 የወጣው የአፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት በ1953 ዓ.ም. ነበር። በደርግ ዘመን ማኅበራቱ በቁጥር ቢበዙም ብዙ ገበሬ የገባው በውዴታው አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፤ በ1983ቱ የሥርዓት ለውጥም በየቦታው የማኅበር ቢሮና መጋዘን ተዘረፈ። ቆርቆሮና በር ተነቅሎ ሲሄድ «ይህ የእኔ ቤት ነው» ብሎ የሚከላከል አባል እምብዛም አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ ላይ እንዲመሠረቱ የተደነገገውና ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ አካል የሆነው ይህን ዓይነቱን ታሪክ ላለመድገም ጭምር ነው።

እንግዲህ ቢሮ ማደስ በራሱ ነውር አይደለም። ንጹሕ ቢሮ ገዢውን ያሳምናል፣ የወረዳውን ኃላፊ ያስደስታል፣ አባሉንም ያኮራል። ዳሩ ግን ገንዘቡ የአባሉ ስለሆነ በጀቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ ቅደም ተከተሉ ሊታይ ይገባል። መጀመሪያ የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል ወይ? ማዳበሪያውና እህሉ ከእርጥበት ተጠብቋል? ሚዛኑ ተፈትሿል? የዓመቱ ሒሳብ በኦዲተር ተመርምሮ አባሉ በሚያነብበት ቦታ ተለጥፏል? ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች እናት ተራቸውን የሚጠብቁበት መቀመጫ አለ? ቀለሙና መጋረጃው የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

አስተዋይ እንግዳም ቢሆን ከግድግዳው አልፎ መዝገቡን ይጠይቃል፤ መጋዘኑ እንዲከፈትለት ይፈልጋል። እንግዳው ለግማሽ ቀን መጥቶ ይሄዳል። አባሉ ግን በማግሥቱ ማዳበሪያ ሊወስድ፣ በመኸሩ እህሉን ሊያስመዝን ተመልሶ ይመጣል። በዓልን ለማክበር የሚታደስ ቢሮ ለዚህ ለማይሄደው ሰው ከተሠራ፣ ለእንግዳውም የሚያሳፍር አይሆንም።