የጌም ሀራራ

«ጌሚንግ ዲስኦርደር» የሚለውን ስያሜ ወደ አማርኛ ላምጣ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚደናቀፈው «ጨዋታ» ላይ ነው። እኛ ዘንድ ጨዋታ ወግ ነው፤ እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን። «የጨዋታ ሱስ» ሲባል ወሬ የማይጠግብ ጎረቤት ነው ትዝ የሚለን። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው እንደሚጠሩት «ጌም» ብሎ መተው ይሻላል። ቀጥሎ «ዲስኦርደር» አለ። «ቀውስ» ብንለው ልጁን ገና ሳይመረመር አሳበድነው። «መታወክ» ደግሞ የወረቀት ቃል ነው፤ እናት ሐኪም ፊት ቀርባ አትናገረውም። የሚቀረው «ሱስ» ነው፤ እሱም ቀልሎብናል። «የቡና ሱስ አለብኝ» የሚል ሰው ሁለተኛ ስኒ መጠየቁ እንጂ መታመሙን መናገሩ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ቃሉን የሚያከብድ መስፈርት አበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ መሠረት፣ የጌም ሱስ አለ የሚባለው ሰውዬው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበትና ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል ነው። ይህም ትምህርቱን፣ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን እስኪያናጋ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል መታየት አለበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ በ2013 መመሪያው ላይ «ተጨማሪ ጥናት የሚሹ» ካላቸው መካከል መድቦታል። ሁለቱም ጋ ዋናው መለኪያ ሰዓት አይደለም። ቅዳሜን ሙሉ ሲጫወት ውሎ ሰኞ ጠዋት ክፍል የሚገኝ ልጅ በዚህ መስፈርት ሱሰኛ አይባልም።

አንጎል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ስናወራ ግን «ሱስ» ብቻውን አይበቃም። እኔ የምጨምርበት ቃል ከጫት ቤት የመጣ ነው፦ «ሀራራ»። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሁለቱን ነገር ለይተው ነው የሚጠሩት። ቅመው ሲሞቃቸው ያለው ደስታ ምርቃና ነው። ሳይቅሙ ሰዓቱ ሲደርስ የሚያዛጋቸው፣ የሚያነጫንጫቸው፣ እግራቸውን ወደ ጫት ተራ የሚመራው ደግሞ ሀራራ። ሳይንስ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ብዙ ደክሟል።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ አይጦችን ወስደው አንጎላቸው ውስጥ ያለውን ዶፓሚን ከሞላ ጎደል አጠፉት። ዶፓሚን «የደስታ ንጥረ ነገር» ነው ሲባል ስለኖረ፣ አይጦቹን ምንም አይጣፍጣቸውም ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲንጠባጠብላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ላሱ። ይጣፍጣቸዋል ማለት ነው። ምግቡ አጠገባቸው ተቀምጦ ግን አይነኩትም፤ በቱቦ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። የጠፋው መጣፈጡ ሳይሆን መፈለጉ ነበር። በእኛ ቋንቋ፣ ዶፓሚን ከምርቃናው ይልቅ የሀራራው ነው።

ጌም ይህን ንጥረ ነገር እንደሚያንቀሳቅስ በ1998 ለንደን ውስጥ ታይቷል። ስምንት ወንዶች ታንክ የሚነዱበትን ጌም እየተጫወቱ አንጎላቸው በፔት ስካን ሲታይ፣ ስትራያተም በሚባለው ጥልቅ ክፍል ዶፓሚን ሲለቀቅ ተገኘ። (ደረጃ ባለፉ ቁጥር ገንዘብ ይከፈላቸው ስለነበር የጌሙን ከፓውንዱ መለየት ትንሽ ያስቸግራል።) የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ ደግሞ ከዝንጀሮዎች የተማረው ነገር አለ። ዶፓሚን አመንጪዎቹ ሕዋሳት መጀመሪያ ጭማቂው ሳይታሰብ ሲመጣ ይነቃሉ፤ ዝንጀሮዋ ከለመደች በኋላ ግን የሚነቁት ጭማቂውን በሚያስታውቀው መብራት ነው። ጭማቂው ራሱ ሲደርስ ጸጥ ይላሉ። ለጌም ተጫዋች ወደ ጌሙ የሚጠራው የስልክ ድምፅ እንደ ያ መብራት ነው።

ባለፈው ክረምት እህቴ ቤት ሆኜ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ፍሪ ፋየር የሚባለውን የተኩስ ጌም ይጫወታል፤ በሁለት አውራ ጣቱ፣ ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደሰካ፣ አንገቱን እንደ ሽመላ አጥፎ። «ቡና ደርሷል» ስትለው «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ይላል። ይሄ እውነቱን ነው፤ የኦንላይን ጌም መሃል ላይ አይቆምም፣ ጥሎ የወጣ ቡድኑን ያስበላል። ከዚያ አሸነፈ። ጮቤ ይረግጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። አውራ ጣቱ ቀጣዩን ዙር ነክቶ ጨርሷል።

ይህን ልጅ ሱሰኛ አልለውም፤ ይማራል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ሲጠሩት ቆይቶም ቢሆን ይመጣል። ግን ያየሁት ሀራራ ነበር። ይህን የሚገታው ፍሬን ከግንባራችን ጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ነው፤ እሱም እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ አይጠናቀቅም። ነዳጁ ቀድሞ ይሞላል፣ ፍሬኑ ኋላ ይገጠማል። በጌም ሱስ የታመሙ ሰዎች የጌሙን ሥዕል ሲያዩ ፍላጎት የሚቀሰቅሱ ክፍሎቻቸው ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚነቁ በስካን ታይቷል። ይሁንና ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የአንድ ቀን ፎቶ ናቸው፤ አንጎሉን ጌሙ ለወጠው ወይስ ቀድሞውኑ እንዲህ ያለ አንጎል ወደ ጌም ሄደ የሚለውን አይፈቱም። «ጌም አንጎል ይበላል» ለሚል ርዕስ አልቸኩልም።

መንግሥታት ግን ሰዓት መቁጠር ነው የቀናቸው። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የሚከለክል ሕግ አውጥታ ከአሥር ዓመት በኋላ ሰረዘችው። ቻይና በ2021 ለታዳጊዎች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ብቻ፣ በቀን አንድ ሰዓት የኦንላይን ጌም ፈቀደች።

ቃሉን ለእህቴ ነገርኳት። «ሀራራማ ለጫት ነው» ብላ ሳቀች። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሀራራ ምንድን ነው?» አለ። ልመልስለት ስል እጁን አነሣ፤ «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስና ትነግረኛለህ።»