ካሎቤዬ፦ ስደተኞች የቤታቸውን ንድፍ ሲወስኑ

በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በደረቃማው የቱርካና ግዛት የሚገኘው የካኩማ መጠለያ ጣቢያ በአውሮፓውያኑ 1992 ሲከፈት ለጊዜው ተብሎ ነበር። ከሠላሳ ዓመታት በላይ አልፎታል፤ በዚያው ተወልደው ወላጅ የሆኑ አሉ። ከካኩማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የተቆረቆረው የካሎቤዬ ሰፈራ የታቀደው ይህ ሐቅ ከታየ በኋላ ነው። ስደተኛው ለዓመታት የሚቆይ ከሆነ፣ ስለሚኖርበት ሥፍራ ሊጠየቅ ይገባል የሚል ሐሳብ ከጀርባው አለ።

አሠራሩ "አሳታፊ ንድፍ" ይባላል። ነዋሪው ያለቀለትን ቤት ከመረከብ ይልቅ መንገዱ በየት ይለፍ፣ የውኃ ቦኖውና ገበያው የት ይሁኑ በሚሉት ጉዳዮች ላይ ከጅምሩ ሐሳብ ይሰጣል። በካሎቤዬ መሬቱን የአካባቢው አስተዳደር ሲሰጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም (ዩኤን ሀቢታት) ስደተኞችንና የቱርካና ነዋሪዎችን እያወያየ ፕላኑን አዘጋጀ። ሰፈራው የታሰበውም ለሁለቱም ወገኖች ነበር። ሆኖም በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2016 በጁባ ውጊያ ሲያገረሽ በርካታ ደቡብ ሱዳናውያን ድንበር ተሻገሩ፤ ሰዉ ከፕላኑ ቀድሞ ደረሰ።

የላቀው ለውጥ የታየው በመኖሪያ ቤቶች ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ቤት አሠርቶ ከማስረከብ ይልቅ የግንባታውን ገንዘብ ለቤተሰቦች መስጠት ጀመረ። ግንበኛ የሚቀጥረው፣ በዕቃ ዋጋ የሚከራከረው፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው ራሱ ስደተኛው ሆነ። ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሩ ወደ መንገድ ወይስ ወደ ጎረቤት ይዙር፣ ማብሰያው ከቤት ምን ያህል ይራቅ፣ እንግዳ የት ይቀመጥ የሚሉት ጥያቄዎች መጠለያን ከቤት የሚለዩ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ቤት በብዛት የሚሠራ ተቋራጭም አይጠይቃቸውም። በአውሮፓውያኑ 2017 ለካሎቤዬ መጠለያ እንዲነድፍ ከዩኤን ሀቢታት ጋር የተስማማው ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን፣ ቤቶቹ በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ የሚሠሩና ነዋሪው ራሱ በቀላሉ የሚጠግናቸው መሆን እንዳለባቸው ተናግሮ ነበር።

እርግጥ ስደተኞች ጠያቂ እስኪመጣ አልጠበቁም። በካኩማ ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች በየትኛውም ፕላን ላይ አልነበሩም፤ ዛሬ ግን ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞችም የሚገናኙባቸው ናቸው።

የተሳትፎው ወሰን የሚታየው ከግቢው አጥር ውጪ ነው። ስደተኛው ስለ መስኮቱ ይጠየቃል፤ ከአካባቢው ለመውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአውሮፓውያኑ 2025 የእርዳታ ገንዘብ አንሶ የምግብ ድርሻ ሲቀነስ በካኩማ ተቃውሞ ተቀስቅሷል። በዚያው ዓመት መጋቢት የኬንያ መንግሥት መጠለያ ጣቢያዎችን ስደተኞችና የአካባቢው ሕዝብ አብረው ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለመቀየር ያለመውን "ሺሪካ" የተባለ ዕቅድ ይፋ አድርጓል። የመሬት ጉዳይ ግን አስቸጋሪ ነው። በቱርካና አብዛኛው መሬት የአርብቶ አደሩ ማኅበረሰብ የጋራ ይዞታ ሲሆን፣ በካሎቤዬ ግድግዳውን በራሱ ምርጫ ያቆመ ስደተኛ ቤቱ ያረፈበት መሬት ባለቤት አይደለም።